አባቱን በጸሎት ቁጥር የሚጠብቅ ልጅ

በዚህ ገጽ የምጽፈው ስለ ክልል አደረጃጀት፣ ስለ ምርጫና ስለ በጀት መሆኑን ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ልጽፍ ተገድጃለሁ። «ይህማ የቤተሰብ ጓዳ ጉዳይ ነው» የምትሉኝ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ከጓዳው ተነሥቼ ወደ አደባባዩ መውጣቴ አይቀርም።

ልጁ የሥጋ ዘመዴ ነው፤ የሚኖረው ሆሳዕና ነው። ማንነቱን ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ ለውጫለሁ፤ ሕመሙን ግን እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። አባቱ እንደ ብዙ የሐዲያና የከምባታ አባቶች ደቡብ አፍሪካ ገብቶ፣ በአንድ ከተማ ዳርቻ አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ ይነግዳል። ልጁ አባቱን በአካል ያየው የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው በስልክ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቱ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ልጄ ጸሎት አብዝቷል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ከጸሎቱ ሲነሣ ፊቱ ላይ ሰላም የለም» አለችኝ። ይህች አሥረኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት በአንድ ትንፋሽ የነገረችኝን እኔ ለመረዳት ሳምንታት ፈጅቶብኛል።

ሄጄ አየሁ። ልጁ ማታ ከመተኛቱ በፊት ይጸልያል። ጸሎቱን ሰባት ጊዜ፣ ያለ አንዳች እንከን ማለት አለበት። በመካከል አንድ ቃል ከተደናቀፈበት ወይም «መጥፎው ነገር» ወደ ልቡ ከመጣ የተቆጠረው ሁሉ ይፈርሳል፤ ከአንድ ይጀምራል። እኩለ ሌሊት ያልፋል፤ ልጁ አልጋው ሥር እንደ ተንበረከከ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲገባ ያንቀላፋል።

«መጥፎው ነገር» ምን እንደ ሆነ የነገረኝ በሦስተኛው ቀን፣ ጎን ለጎን ስንሄድ፣ ዓይኔን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየ ነው። አባቱ በሱቁ ወለል ላይ በደም ተነክሮ ወድቆ ይታየዋል። ምስሉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከውስጡ አንድ ድምፅ «ይሙት» ይላል። «ጋሼ፣ ይህን የምለው እኔ ነኝ? አባቴን እጠላዋለሁ ማለት ነው?» አለኝ። ጸሎቱን ሰባት ጊዜ በትክክል ካላደረሰ አባቱ በዚያች ሌሊት ይገደላል ብሎ ያምናል። በ11 ዓመቱ አባቱን በሕይወት የማቆየት ሥራ ተሸክሟል።

የተማረው ዘመድ ስሕተት

እኔ የማስተምረው ፖለቲካል ሳይንስ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከማስረጃ ተነሥቶ መከራከር ሙያዬ ስለ ሆነ ልጁን በክርክር ላድነው ተነሣሁ። ሐሳብ ሰውን እንደማይገድል አስረዳሁት። «አባትህን ትወደዋለህ፤ ምንም አይሆንም፤ እኔ እነግርሃለሁ» አልኩት። ፊቱ በራ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ደግሜ መለስኩለት። በሁለት ቀን ውስጥ ከአርባ ጊዜ በላይ ጠየቀኝ፤ ከአርባ ጊዜ በላይ መለስኩ። እናቱም በበኩሏ ሲጨነቅ ስልክ ትደውልለት ነበር፤ የአባቱን ድምፅ ይሰማና ያርፋል። ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል።

ሁለታችንም የረዳነው መስሎን ነበር። በኋላ ያገኘነው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ግን በትሕትና የነገረን ነገር አንገቴን አስደፍቶኛል፤ የልጁን ሕመም ስንመግበው የቆየነው እኛው ነበርን።

ስም ያለው ሕመም

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አጥቶ አያውቅም። ዕረፍት የማይሰጥ ጥርጣሬ ያደረበትን ሰው «ወስዋሳ» እንለዋለን፤ «ወስዋስ» የሚለውንም ቃል ሙስሊም ወገኖቻችን አዘውትረው ይጠቀሙበታል። ሐኪሞች ሕመም ደረጃ ላይ የደረሰውን ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ በአጭሩ ኦሲዲ ይሉታል። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሳይጠራ የሚመጣ፣ የሚያስፈራ፣ የሚያሳፍር፣ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ወይም ምስል ነው። ሁለተኛው ያንን ጭንቀት ለማስታገሥ የሚደጋገም ድርጊት ነው፤ መታጠብ፣ መቁጠር፣ መፈተሽ፣ መጠየቅ፣ በልብ መጸለይ። ከመቶ ሕፃናትና ታዳጊዎች ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት እንደሚያዙበት ይገመታል። እንግዲህ አርባና ሃምሳ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር ሊያስደንቀን አይገባም።

መጥፎ ሐሳብ ወደ ልብ መምጣቱ በራሱ ሕመም አይደለም። ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ምንም ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አሳይተዋል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ «ብዘልስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ያላለበት ማን ነው? ጤነኛው ሰው ሐሳቡን ከቁብ ሳይቆጥረው ያልፋል። ወስዋስ የያዘው ልጅ ግን «ይህን ያሰብኩ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ብሎ ይቆማል። እንዲያውም ሐሳቡ የሚያጠቃው ልጁ አብልጦ በሚወደው ነገር በኩል ነው። አባቱን የሚወድ በአባቱ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ በስድብ፣ ታናሽ እኅቱን የሚሳሳላት በቢላዋ ይፈተናል። ልጁ በሐሳቡ መሠቃየቱ ሐሳቡ ፈቃዱ እንዳልሆነ ምስክር ነው።

«ታዲያ አታስብ በሉታ!» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ለአንድ ደቂቃ ስለ ጅብ ላለማሰብ ሞክሩ። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ተማሪዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዝዞ፣ ባሰቡ ቁጥር ደወል እንዲመቱ አደረገ፤ ደወሉ መደወሉን አላቋረጠም። የሚባረር ሐሳብ በር እየደበደበ ይመለሳል።

ድግግሞሹም ራሱ ወጥመድ ነው። ልጁ ሰባት ጊዜ ጸለየ፤ አባቱ በማግሥቱ በሰላም ደወለ። ልጁ የሚማረው ምንድን ነው? «ጸሎቱን በትክክል ስላደረስኩ ተረፈ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ያረፈበት ድርጊት ነገ ግዴታ ይሆንበታል። የእኔ አርባ መልስም የእናቱ ስልክም እንዲሁ ናቸው፤ ለዐሥር ደቂቃ ያሳርፋሉ፣ ሕመሙን ግን ያጸኑታል።

ጸሎት ቤቱና ትምህርት ቤቱ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ፣ የተጨነቀ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእምነት በር ነው። ይህን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ በዚያ በር ብዙ ሰው ተጽናንቷል። በልጁ ላይ የደረሰውን ግን መናገር አለብኝ። አንድ ቅን አገልጋይ «ክፉ መንፈስ ነው» ብሎ በጩኸት ጸለየለት፤ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር እንዲገሥጸውም አዘዘው። ልጁ ሁለት ነገር ይዞ ወጣ። የመጀመሪያው በውስጡ በእርግጥ ሰይጣን እንዳለ ማመኑ ነው። ሁለተኛው አዲስ ድግግሞሽ ነው፤ በክፍል ውስጥ፣ በምግብ ሰዓት፣ በመንገድ ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይገሥጽ ጀመር። መምህሩ ደግሞ የሚያወራ መስሎት ከክፍል አስወጣው።

የእምነት አባቶች ሊያስቡት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ማርቲን ሉተር በምንኩስናው ዘመን ኃጢአቱን በመናዘዝ ረጅም ሰዓታት ያሳልፍ እንደ ነበር፣ ከተናዘዘም በኋላ የረሳው ነገር ትዝ እያለው ይመለስ እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ቡንያንም እ.ኤ.አ. በ1666 ባሳተመው ግለ ታሪኩ፣ ክርስቶስን እንዲሸጥ የሚወተውት ሐሳብ እንዴት ዕረፍት እንደ ነሣው ጽፏል። እነዚህን ሰዎች እምነተ ጎደሎ የሚላቸው ወንጌላዊ የለም። ታዲያ የእኛን ልጅ ስለ ምን እንዲህ እንለዋለን?

ምን ይረዳል?

ባለሙያ ለማግኘት ከሆሳዕና አዲስ አበባ ድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘናል። ያገኘነው ሕክምና ግን ትልቅ መሣሪያ የሚጠይቅ አልነበረም። ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ላይ የጀመረው ዘዴ ነው፤ ታማሚው የሚፈራውን ነገር ደረጃ በደረጃ ይጋፈጣል፣ ማስታገሻ ድርጊቱን ግን ይተዋል። በአሜሪካ በ112 ሕፃናትና ታዳጊዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ውጤቱን አሳይቷል። ከ12 ሳምንት በኋላ ይህን ሕክምና ሰርትራሊን ከተባለው መድኃኒት ጋር ከወሰዱት 54 በመቶ፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት 39 በመቶ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት 21 በመቶ ያህሉ ከሕመሙ ተላቅቀዋል፤ ፍሬ አልባ ክኒን ከተሰጣቸው ግን 4 በመቶ ያህሉ ብቻ።

ለወላጆችና ለመምህራን የሚጠቅመውን ከተማርኩት በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ልጁን ከሕመሙ ለዩት። የእኛ ልጅ ሕመሙን «ወስዋሱ» ብሎ ሰየመው። ስም ከወጣለት በኋላ «እኔ ክፉ ነኝ» ማለቱን ትቶ «ወስዋሱ መጣ» ማለት ቻለ።

ሁለተኛ፣ ከሐሳቡ ጋር አትከራከሩ፣ አታባርሩትም። ሐሳቡ በመንገድ ዳር እንደሚጮኽ ውሻ ነው፤ የሮጠለትን ያሳድዳል፣ ድንጋይ ላነሣለትም አይመለስም፤ በእርጋታ ያለፈውን ግን ጮኾ ጮኾ ይተወዋል።

ሦስተኛ፣ ማረጋገጫ መስጠትን ቀስ በቀስ ቀንሱ። በአንድ ቀን መከልከል ጭካኔ ነው። ከልጁ ጋር ተስማምታችሁ ጀምሩ፤ ሲጠይቅ «ይህን የሚጠይቀኝ አንተ ነህ ወይስ ወስዋሱ?» በሉት። ወስዋሱ ከሆነ መልሱ አምስት ደቂቃ ይቆይ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዐሥር፣ ከዚያ ሃያ። ጭንቀት እንደ ማዕበል ነው፤ ከፍ ብሎ፣ ምንም ሳይደረግለት፣ ራሱ ይወርዳል። ልጁ ይህን በገዛ አካሉ ማየት አለበት።

አራተኛ፣ መሰላሉን ከታችኛው እርከን ጀምሩ። የእኛ ልጅ መጀመሪያ ሰባቱን ጸሎት ወደ ስድስት አወረደ፤ ከዚያ አንድ ቃል ተደናቅፎበት ሳያርም ቀጠለ፤ ከሳምንታት በኋላ አንድ ጊዜ ጸልዮ ተኛ። ማንም ጸሎት ተው አላለውም። የተወው ቁጥሩን ነው።

አምስተኛ፣ አትቅጡት፣ አትሳቁበት። ድካሙን አይታችሁ አመስግኑት፤ አንድ እርከን የወጣ ልጅ ተራራ ወጥቷል።

ስድስተኛ፣ ድግግሞሹ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ፣ እንቅልፍ ወይም ትምህርት የሚያደናቅፍ ከሆነ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ልጁ ራሱን ስለ መጉዳት የሚናገር ከሆነ ግን አንድ ቀን አታሳድሩ። መድኃኒት ከታዘዘም ፈጥኖ አይሠራም፤ ሳምንታት ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልጁን ስሜት በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል፤ ያለ ሐኪም ምክርም አይቋረጥም።

ከጓዳ ወደ አደባባይ

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። ሕክምናው ሲጀመር አንድ ነገር አስቸገረኝ። የልጁ ፍርሃት ከሰማይ የወረደ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015ና በ2019 በውጭ ዜጎች ላይ የተነሣውን ጥቃት፣ የተዘረፉትንና የተቃጠሉትን ሱቆች እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። በእኛ ከተሞች የሱቅ ላይ ግድያ ወሬ በስልክ ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ልጆች ይሰማሉ። ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ ስለ ሐዲያ ስደት ባደረጋቸው ጥናቶች እንዳመለከተው ጉዞው ከእምነት ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው፤ መንገዱ የሚከፈተውም የሚጠበቀውም በጸሎት እንደ ሆነ ብዙዎች ያምናሉ። አዋቂው «እየጸለይን ነው» ሲል መጽናኛ ነው፤ ወስዋስ የያዘው ሕፃን ግን ይህንኑ ወስዶ የዘብ ጥበቃ ተራ ያደርገዋል።

ስለዚህ ልጁን «አባትህ ምንም አይሆንም» ማለት ውሸት ነበር፤ ልጁም ያውቀዋል። ባለሙያው ያስተማረን እውነቱን መናገር ነው፦ «አባትህ ነገ ምን እንደሚገጥመው ማናችንም አናውቅም። የምናውቀው፣ የአንተ ሐሳብ እንደማይገድለው፣ የአንተ ቁጥርም እንደማይጠብቀው ነው።» ከባድ ቃል ነው። ልጁ አለቀሰ። እናቱ እንደምትለው ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተኛው በዚያች ሌሊት ነው።

ከዚህ ላይ ጓዳው ያበቃል። የልጁ ፍርሃት በሕክምና ይቀንሳል፤ አባቱን የሚያሰጋው አደጋ ግን በሕክምና አይቀንስም። እርሱ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ወጣቱ በሀገሩ ሠርቶ የሚያድርበት መንገድ፣ ሕጋዊ የጉዞ ሥርዓት፣ ዜጋውን የሚከታተል ኤምባሲ። መንግሥት ያልተሸከመውን ሸክም ሕፃናት ተሸክመውት ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጤናው ጉዳይም እንዲሁ ነው። የሀገራችን የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዐሥርታት በአንድ በአማኑኤል ሆስፒታል ታጥሮ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ በየጤና ጣቢያው እንዲዳረስ ወስኗል። የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ነው፤ በአእምሮ ጤና ጥናት ዓለም ስማቸው ከሚጠራ የአፍሪካ ሥፍራዎች አንዷ ቡታጅራ ናት። ከ68,000 በላይ ሰዎች የተዳሰሱበት የከባድ የአእምሮ ሕመሞች ጥናት የተካሄደው በዚያ ነው። ቡታጅራ ዛሬ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ፣ ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዓለም ከደጃችን የተማረውን እኛ አልፈነው ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን።

ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮ ይሠራል፣ አስፋልት ይነጠፋል። መልካም ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ የሚያንስ ነገር ነው። በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልና በዱራሜ ሆስፒታል ለሕፃናትና ለታዳጊዎች የአእምሮ ጤና የተለየ ቀንና የሠለጠነ ሰው ይመደብ። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ለዚህ ሕመም ያስቀመጠው ክሎሚፕራሚን፣ እንዲሁም ፍሉኦክሰቲን ከመንግሥት መድኃኒት ቤት አይጥፉ። የመምህራን ኮሌጆቻችን እጩ መምህራንን ስለ ሕፃናት ጭንቀት ጥቂት ሰዓት ያስተምሩ፤ ወረቀቱን ሲቀድና ሲጽፍ የሚውለው ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም ከጤና ባለሙያው ጋር ይነጋገሩ፤ የሚጸልየውና የሚያክመው ሰው ለአንድ ልጅ ሊቆሙ ይችላሉ።

ሆስፒታሉ የተሰየመባት እሌኒ ከሐዲያ ወጥታ፣ በወንዶች ዘመን ሀገር የመራች ንግሥት ናት። በስሟ የቆመ ቤት ለአንድ የ11 ዓመት ልጅ ወስዋስ ቦታ አያጣም ብዬ አምናለሁ።

ልጁ ፈጽሞ አልዳነም። ባለፈው ሳምንት ስደውል «ጋሼ፣ ወስዋሱ ትናንት ማታም መጥቶ ነበር» አለኝ። «ምን አደረግህ?» አልኩት። «ምንም። አንድ ጊዜ ጸልዬ ተኛሁ» አለኝ። አባቱ በዚያች ሌሊት ሱቁን ቆልፎ አድሯል፤ ልጁ ግን ዘብ አልቆመለትም። ዘብ መቆም የሚገባቸው ሌሎች ናቸው።

ቸር ይግጠመን።